ላሚቱ ስትጠበቅ አጋዘኑ መጣ

ኮምፒዩተር ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። ይኸውም «አሁን ያለውን ልግዛ ወይስ አዲሱ እስኪወጣ ልታገሥ?» የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቁኝ የተማሪዎቼ ወላጆች ብቻ አይደሉም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎረቤቴም፥ የትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ኀላፊም ይጠይቁኛል። አስተማሪ የሆነ ሰው ያለፈውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ያውቃል ተብሎ ይገመታልና።

እኔ ነቢይ አይደለሁም። ነገር ግን ትንቢት የማያውቅ ሰው ታሪክ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ፥ ሊመጣ ነው ተብሎ ዓለም በጉጉት ስለ ጠበቀው፥ ሲመጣ ግን ትልቁን ተስፋ ሳይዝ ስለ መጣ አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እናወራለን። ተስፋ ያልተሰጠበትን አንድ ነገር ግን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ያም ነገር የእኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

«ኦፕሬቲንግ ሲስተም» ምን እንደ ሆነ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የምሰጠው ምሳሌ የጥንቱን ትልቅ ቤት ነው። በትልቅ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት አለች፤ ጠጅ አሳላፊ አለ፤ በረኛ አለ፤ ግምጃ ቤት ጠባቂ አለ። እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ያውቃል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ግምጃ ቤት ቢሮጡ፥ እንግዳውም በየበሩ ቢገባ፥ ቤቱ ይታወካል። ስለዚህ በሁሉም ላይ አንድ አዛዥ ይሾማል። ማን መቼ ከግምጃ ቤት እንደሚያወጣ፥ የትኛው እንግዳ እንደሚገባ፥ የትኛው ከደጅ እንደሚመለስ የሚወስነው እሱ ነው። ደብዳቤ የምንጽፍባቸው፥ ሒሳብ የምንሠራባቸውና ሥዕል የምናይባቸው ፕሮግራሞች እንደ ቤቱ ሠራተኞች ሲሆኑ፥ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አዛዡ ነው። ሠራተኛ ቢለወጥ ቤቱ እንደ ነበረ ይቀጥላል፤ አዛዥ ሲለወጥ ግን የቤቱ ልማድ ሁሉ ይለወጣል። «አዲስ አዛዥ ሊመጣ ነው» ሲባል ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚያቆመውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ታሪካችን እንግባ። የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኩባንያ «ዊንዶውስ ኤክስፒ» የተባለውን አዛዥ ለገበያ ያቀረበው ኦክቶበር 25 ቀን 2001 ነበር። ኩባንያው ገና ያላለቁ ሥራዎቹን በልዩ ስም የመጥራት ልማድ ነበረው። ኤክስፒ ገና በመሠራት ላይ ሳለ «ዊስለር» ይባል ነበር፤ ከእሱ በኋላ ይመጣል ተብሎ የታሰበው ታላቅ ሥራ ደግሞ «ብላክኮም» ተብሎ ነበር። ሁለቱም በምዕራብ ካናዳ ጎን ለጎን የቆሙ፥ ሰዎች በበረዶ ላይ ሊንሸራተቱ የሚሄዱባቸው ተራሮች ናቸው። በተራሮቹ ግርጌ «ሎንግሆርን» የሚባል መጠጥ ቤት ነበር። ከአንዱ ትልቅ ሥራ ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት አንድ ትንሽ ሥራ ለማውጣት በታሰበ ጊዜ፥ መንገደኛ በሁለት ተራሮች መካከል አረፍ እንደሚል ሁሉ፥ ለትንሹ ሥራ የመጠጥ ቤቱ ስም ተሰጠው። ሐሳቡ ቶሎ ተሠርቶ በ2003 መጨረሻ ገደማ እንዲወጣ ነበር።

ሎንግሆርን ማለት «ረጅም ቀንድ» ማለት ነው። በቴክሳስ አገር ቀንዳቸው ወደ ጎን እጅግ የተዘረጋ ከብቶች በዚህ ስም ይጠራሉ። በእኛ አገር ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ይባላል። የስሙን ትርጉም ከነገሩ ፍጻሜ ጋር ሳስተያየው ይህ ተረት ትዝ ይለኛል። አረፍ ሊባልበት የታሰበው ትንሽ ሥራ፥ ወራት ባለፉ ቍጥር ቀንዱ እየረዘመ፥ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ምኞት እየጨመረበት፥ በመጨረሻ ከታላቁ ሥራ የማያንስ ሆነ።

ኦክቶበር 27 ቀን 2003 በሎስ አንጀለስ ከተማ በተከፈተው የፕሮግራም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ሚስተር ቢል ጌትስ ሎንግሆርንን ለዓለም አስተዋወቁ። አዲሱ አዛዥ በሦስት ምሰሶዎች ላይ እንደሚቆም ተነገረ።

አንደኛው ምሰሶ «አቫሎን» ይባላል። በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ የሚታየውን ፊደልና ሥዕል ዋናው አስሊ ክፍል በመሣል እንዳይደክም፥ ለሥዕል ተብሎ የተሠራው ክፍል እንዲሥለው የሚያደርግ ነው። ገጹም እንደ መስተዋት የጠራ፥ ቢያሳድጉትም ቢያሳንሱትም የማይደበዝዝ ይሆናል ተባለ። ሁለተኛው «ኢንዲጎ» በተለያየ ስፍራ ባሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ተማምነው መልእክት የሚለዋወጡበትን መንገድ የሚጠርግ ነበር።

ሦስተኛውና ሰውን ሁሉ ያስደነቀው ግን «ዊንኤፍኤስ» ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይል የሚያገኘው በቍጥሩ ነው። «ባለፈው ክረምት ስለ ውሃ ቧንቧ የጻፍሁት ማመልከቻ» ቢሉት፥ «ቍጥሩን አምጡ» ይልዎታል። ኮምፒዩተርም በዚያን ጊዜ እንዲሁ ነበር፤ ጽሑፉን በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጡት ማስታወስ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ዊንኤፍኤስ ግን ደብዳቤውን፥ የሰዎቹን አድራሻ፥ ፎቶግራፉንና የቀጠሮውን ቀን እርስ በርስ ካላቸው ዝምድና ጋር በአንድ ትልቅ መዝገብ ያሰፍራል። «ወንድሜ ከእኅታችን ሠርግ የላከልኝን ፎቶግራፎች አምጣ» ቢሉት፥ ማን ወንድምዎ እንደ ሆነ፥ ሠርጉም መቼ እንደ ነበረ ዐውቆ ያመጣል ማለት ነው። ሐሳቡ ፍጹም አዲስ አልነበረም፤ ኩባንያው በ1990ዎቹ «ካይሮ» በተባለ ሥራው ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር።

መቼም ይህን የሰማ ሁሉ ጓጓ። ጋዜጦች ጻፉ፤ ጉባኤተኞቹም የሙከራውን ቅጂ ይዘው ወደየአገራቸው ተመለሱ። ኮምፒዩተር ሊገዛ አስቦ የነበረውም «እንግዲህ ልጠብቅ» አለ።

ይሁን እንጂ ተስፋው በአደባባይ ሲነገር በጓዳ ያለው ሥራ ሌላ መልክ ነበረው። ከጉባኤው ሁለት ወር በፊት፥ በኦገስት 2003፥ «ብላስተር» የተባለ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየተራባ የሚሄድ ክፉ ፕሮግራም በኤክስፒ በተገኘ ቀዳዳ እየገባ በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮችን አውኮ ነበር። ሰው የሚኖርበት ቤት በሌባ ተደፍሮ ሳለ አዲስ አዳራሽ መሥራት አይቻልምና፥ ኩባንያው ከሎንግሆርን ሠራተኞች ብዙዎቹን አንሥቶ የኤክስፒን በርና መስኮት እንዲያጠብቁ አደረገ። ያ ጥገና ተፈጽሞ የወጣው በኦገስት 2004 ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የባሰ ነበር። ሦስቱ ምሰሶዎች የሚሠሩት በአንድ ጊዜ ስለ ነበረ አንዱ ቡድን ገና ባላለቀው በሌላው ቡድን ሥራ ላይ ይደገፍ ነበር። ይህም የምድር ቤቱ ጭቃ ሳይደርቅ ፎቅ እንደሚጭን ግንበኛ መሆን ነው። አንዱን ግድግዳ ሲያቃኑ ሌላው ይንጋደድ ጀመር።

በመጨረሻም ኦገስት 27 ቀን 2004 ኩባንያው ነገሩን ለሕዝብ አስታወቀ። ሎንግሆርን በ2006 ይወጣል፤ ዊንኤፍኤስ ግን አብሮት አይወጣም። አቫሎንና ኢንዲጎም ለአዲሱ አዛዥ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ለአሮጌው ለኤክስፒም ይሰጣሉ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሥራው በስፍራው የቆመውን በማቃናት አልቀጠለም። ቀደም ብሎ ወጥቶ በተፈተነው በ«ዊንዶውስ ሰርቨር 2003» መሠረት ላይ እንደ አዲስ ተጀመረ። የዓመታት ድካምን አፍርሶ እንደገና መጀመር ለማንም ቢሆን መራራ ነው። ዊንኤፍኤስም ወደ ፊት ለብቻው ይመጣል ተብሎ ነበር፤ በጁን 2006 ግን እሱም እንደማይወጣ ተነገረ። ላሚቱ በሰማይ ቀረች።

የቀረው ሥራ በጁላይ 2005 «ዊንዶውስ ቪስታ» የሚል ስም ተሰጥቶት፥ ለመሥሪያ ቤቶች በኖቬምበር 2006፥ ለሕዝብ ደግሞ ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ወጣ። ከኤክስፒ እስከ ቪስታ አምስት ዓመት ከሦስት ወር አልፎ ነበር።

ለፍርድ እንዲመች ቪስታ የሠራውንም መናገር ይገባል። የበሩን ጥበቃ ከኤክስፒ ይልቅ በብዙ አጠንክሯል፤ ምንም እንኳ በረኛው ለትንሹም ለትልቁም «ይህን የፈቀድህ አንተ ነህን?» እያለ ባለቤቱን ቢያሰለች። ፋይል ፍለጋውንም አቃልሏል። የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ሊቅ ማድረግ ባይቻል፥ በእጁ ጥሩ ማውጫ ሰጠው፤ በፋይሉ ውስጥ ካሉት ቃላት አንዱን ቢነግሩት ያገኘዋል። ነገር ግን አፕል የተባለው ተወዳዳሪ ኩባንያ ይህንኑ የመሰለ ማውጫ ለራሱ ኮምፒዩተሮች ያወጣው በኤፕሪል 2005 ነበር። ትልቁን ተስፋ ያልሰጠው ትንሹን ነገር ቀድሞ አደረሰ።

ገዢውን የጎዳው ሌላ ነው። ኤክስፒ ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ቢያንስ 64 ሜጋባይት ሲጠይቅ፥ ቪስታ ቢያንስ 512፥ እንደ መስተዋት የሚያበራውን ገጽ ለማሳየት ደግሞ 1 ጊጋባይት ይጠይቅ ነበር። ቪስታ ከመውጣቱ በፊት በ2006 በተሸጡ ብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ «ለቪስታ ይበቃል» የሚል ምልክት ተለጥፎ ነበር። ሰዎች ያን አምነው ከገዙ በኋላ፥ ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች የሚችሉት መስተዋቱ የሌለበትን ዝቅተኛውን ዓይነት ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ2007 ገዢዎች በሲያትል ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ፤ ክሱ በብዙ ገዢዎች ስም በአንድነት እንዲታይ በ2008 ተፈቅዶ ነበር፤ በ2009 ግን ፍርድ ቤቱ ያን ፈቃድ አነሣ። እንግዲህ ተስፋ ማለት የንግግር ማሳመሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰው ኪሱን የሚከፍተው በእሱ ነው። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጕዳይ እንምጣ። በሎስ አንጀለሱ ጉባኤ ከሦስቱ ምሰሶዎች መካከል ያልተቈጠረ፥ ቪስታ ግን ይዞት የወጣ አንድ ነገር አለ። እሱም ፊደላችን ነው። የግዕዝን ፊደል ከራሱ ጋር ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። አማርኛ መጻፊያ ስልትም አብሮት መጣ።

ከዚያ በፊት በኮምፒዩተር አማርኛ አይጻፍም ነበር ማለት አይደለም። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ከ1980ዎቹ ጀምረው በየበኩላቸው ደክመውበታል። ችግሩ ስምምነት አለመኖሩ ነበር። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነው፤ ለግዕዝ ፊደል ግን ዓለም የተስማማበት ቍጥር ስላልነበረ፥ እያንዳንዱ ሠሪ ለላቲን ፊደሎች የተመደበውን ቍጥር እየተበደረ እንደ ራሱ ሐሳብ ይደለድል ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ኢየሩሳሌም የተላከ ደብዳቤ፥ ተቀባዩ ያንኑ የፊደል ዓይነት በኮምፒዩተሩ ካልጫነ በቀር የእናትን ሰላምታ እንኳ አያደርስም ነበር።

ይህን ችግር የፈታው ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ነው። ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች ከደከሙበት በኋላ፥ በሴፕቴምበር 1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ የግዕዝ ፊደል ከነቍጥሮቹና ከነነጥቦቹ 345 ሆኖ ተመዘገበ። «ሀ» 4608 የሚል ቍጥር ተሰጣት፤ ይህም ቍጥር በየትም አገር፥ በማንም ኮምፒዩተር የ«ሀ» ብቻ ነው። በዚያን ቀን ርችት አልተተኰሰም፤ ቍጥር መስጠት እንደ ቀበሌ መዝገብ ያለ ደረቅ ሥራ ነውና። ነገር ግን መሠረቱ ያን ጊዜ ተጣለ።

ከዚያ በኋላ በዚሁ በጠነከረ መሠረት ላይ ጆን ሀድሰንና ጄራልዲን ዌድ የተባሉ የፊደል ቅርጽ ባለሙያዎች አንድ የግዕዝ ፊደል ዓይነት ሠሩ። ስሙንም «ኒያላ» አሉት። የደጋ አጋዘን ብለን በምንጠራው፥ በባሌ ተራሮች በሚታየውና ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በማይገኘው እንስሳ ስም መሰየማቸው ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን የፊደሉ እግርና ክንድ እየተቀጠለ ይጻፍ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ አባቶች፥ እያንዳንዱ ፊደል በሙሉ አካሉ ተሥሎ ሲታይ የተሰማቸውን መገመት ይቻላል። ረጅም ቀንድ ያላት ላም ስትጠበቅ፥ ቀንደ ጠምዛዛው አጋዘን በጓሮ በር ገባ።

ዊንኤፍኤስ ቀርቶ ፊደላችን የደረሰው ለምንድር ነው? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ከዕድል አይደለም። ዊንኤፍኤስ የቆመው ገና ባላለቁ ነገሮች ላይ ነበር። ፊደሉ ግን የቆመው ከሰባት ዓመት በፊት ተቈጥሮ፥ ተመርምሮና ሁሉም ተስማምቶበት ባለቀ መዝገብ ላይ ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለዚህ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊመጣ ነው ሲባል የሚነገረውን ዝርዝር በአድናቆት ብቻ ማንበብ አይበቃም። እኔ ለጠያቂዎቼ የምነግራቸው አራት ነገር ነው። በመጀመሪያ፥ የታየው ሥራው ነው ወይስ ሥዕሉ? ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፥ አዲሱ ነገር የሚቆመው ባለቀ ነገር ላይ ነው ወይስ ራሱ ገና በሚሠራ ነገር ላይ? ጊዜ ሲያጥር ቀድሞ የሚጣለው ይህ የኋለኛው ነው። ሦስተኛ፥ ከእኔ ምን ይጠይቃል? ይህ ጥያቄ ዛሬም አላረጀም። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11፥ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የምስጢር መጠበቂያ ክፍል ያለበትን ኮምፒዩተር ስለሚጠይቅ፥ ገና በደኅና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ከደጅ ቀርተዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። እንደ እኔ ትምህርት ቤት ያገለገለ ኮምፒዩተር በሚጠቀሙ ቦታዎች ይህ የወሬ ጕዳይ ሳይሆን የበጀት ጕዳይ ነው።

አራተኛውን ጥያቄ የውጭ አገር መጽሔት አይጠይቅልንም፤ ራሳችን መጠየቅ አለብን። አዲሱ አዛዥ ቋንቋዬን ያውቃልን? ዛሬ «ኮምፒዩተር ያነጋግራችኋል፥ ያዳምጣችኋል፥ ይጽፍላችኋል» የሚል ተስፋ በየጊዜው ይነገራል። ያ ተስፋ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን የሚደርሰው፥ ቃሎቻችንን እንደ ፊደሉ አስቀድሞ የሚሰበስብ፥ የሚቈጥርና የሚያስመዘግብ ሰው ሲገኝ ነው። በክፍሌ ካሉት ተማሪዎች መካከል ይህን ደረቅ ሥራ የሚወድ አንድ እንኳ ቢወጣ፥ ሎስ አንጀለስ ላይ ቆሞ ተስፋ ከሚናገር ሰው ይልቅ አገሩን ይጠቅማል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፥ ለጎረቤቴ የሰጠሁት መልስ አጭር ነው። ኮምፒዩተሩ ዛሬ የሚያስፈልግዎ ከሆነ፥ ዛሬ በሱቁ ውስጥ ቆመው ሠርቶ ያዩትን ይግዙ። ሲገዙም ባለ ሱቁ አብርቶ ስምዎን በአማርኛ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት።